ሌሊት ቴሌቪዥኑን የሚያበራው ማነው?

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን በራሱ ቦግ ሲል ከቤተሰቡ የሚሰማው ማብራሪያ የታወቀ ነው። ልጅ «ተጠልፏል» ይላል፤ እናት ያማትባሉ፤ አባት ከላይ ፎቅ ያለውን ጎረቤት ሪሞት ይጠረጥራሉ። ከዘመድ መካከል ኤሌክትሮኒክስ የሚነካካ ካለም «ቦክሱ ተበላሽቷል፣ ሌላ ግዙ» ብሎ ይገላገላል። አፕል ቲቪ ይሁን ሮኩ፣ ፋየር ስቲክ ይሁን ክሮምካስት፣ ወይም ካርቶኑ ላይ ካለው ቁጥር በቀር ስም የሌለው የአንድሮይድ ቦክስ፣ ስሞታው አንድ ነው፦ «አጥፍቼው ተኛሁ፤ እሱ ግን አልተኛም።»

እዚህ ስሞታ ውስጥ የማይዛመዱ ሁለት ችግሮች ተደባልቀዋል። አንደኛው ከነጭራሹ የማይተኛ ቦክስ ነው፤ የሆነ ነገር ሥራ ላይ ይዞታል። ሁለተኛው በወጉ የተኛ፣ ግን የሚቀሰቀስ ነው። የመጀመሪያው «ምን ያዘው?» ተብሎ ይመረመራል፤ የሁለተኛው ጥያቄ «ማን ጠራው?» ነው። በእኔ ግምት ደህና ቦክስ የሚጣለው፣ ሴቲንጉ ከሥሩ የሚደመሰሰው፣ ውድ ኬብል የሚገዛው በአብዛኛው እነዚህን ሁለቱን ካለመለየት ነው። ቴሌቪዥን የሚያበራው ሁለተኛው ስለሆነ ከእሱ እንነሳ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የሆነ መንፈስ አለበት»

ያለበት ሽቦ ነው። የኤችዲኤምአይ ኬብልን ጫፍ ብርሃን ላይ አድርጎ ለተመለከተ ሰው 19 ጥቃቅን የብረት ንክኪዎች በሁለት ረድፍ ተደርድረው ይታያሉ። አብዛኞቹ ምስልና ድምፅ የሚያስተላልፉ ናቸው። 13ኛው ግን ሥራው ሌላ ነው፤ በኬብል የተያያዙት ዕቃዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መስመር ነው። ሲኢሲ ይባላል፤ በ2002 ከወጣው ከመጀመሪያው የኤችዲኤምአይ ስሪት ጀምሮ አብሮ አለ። እጅግ ዘገምተኛ ነው፤ ጎኑ ያሉት ሽቦዎች በሰከንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ቢት ሲያጎርፉ እሱ ከ400 ብዙም አያልፍም። «ተነስ» እና «ተኛ» ለማለት ግን ከበቂ በላይ ነው።

በዚህ መስመር ላይ እያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር አለው። ቴሌቪዥኑ 0 ነው። እንደ ቦክስ ያሉ ማጫወቻዎች 4፣ 8 እና 11ን ይካፈላሉ። ሳውንድባር ወይም የድምፅ ማጉያ 5 ይይዛል። 15 ደግሞ «ለሁላችሁም» ማለት ነው። ቴሌቪዥኑን በራሱ ሪሞት ሲያጠፉት ወደ 15 «ተኙ» የሚል መልእክት ይልካል፤ የሰማ ሁሉ ይተኛል። ቦክሱ ሲነቃ ደግሞ በተራው ለ0 «ምስል አሳይ» ይለዋል፤ ወዲያውም «አሁን ባለተራው እኔ ነኝ» ብሎ ለሁሉም ያውጃል። ቴሌቪዥኑ ይበራል፤ ራሱን ቦክሱ ወደተሰካበት ኤችዲኤምአይ ያዞራል።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። «ምስል አሳይ» የሚለው መልእክት ውስጥ ለምን፣ በማን ትእዛዝ የሚል ነገር የሚጻፍበት ቦታ የለም። ሰው ሪሞት ተጭኖ ይሁን፣ ቦክሱ ሶፍትዌሩን አድሶ እንደገና ሲነሳ ይሁን፣ ከጓዳ የመጣ የስልክ ጥሪ ይሁን ቴሌቪዥኑ አያውቅም። ታዝዟል፤ ይበራል። ስለዚህ ቦክሱን የቀሰቀሰ ነገር ሁሉ ቴሌቪዥኑንም ቀሰቀሰ ማለት ነው። አንዳንዴም ቦክሱ ጭራሽ የለበትም፤ ጥፋተኛው እዚያው ቴሌቪዥን ላይ የተሰካው የጌም መጫወቻ ወይም ሳውንድባር ይሆናል፤ ሁሉም በዚያችው አንዲት ሽቦ ነው የሚያወሩት።

ታዲያ ሰዉ ለምን አጥፍቶት አይገላገልም? ስሙን ስለማያገኘው። ሲኢሲ የሚለው ቃል በብዙ ቴሌቪዥኖች ሴቲንግ ውስጥ በግልጽ አይታይም። ሳምሰንግ «ኤኒኔት ፕላስ» ይለዋል፤ ኤልጂ «ሲምፕሊንክ»፣ ሶኒ «ብራቪያ ሲንክ»፣ ፓናሶኒክ «ቪዬራ ሊንክ»፣ ፊሊፕስ «ኢዚሊንክ»። ሮኩ ላይ «ዋን ተች ፕሌይ» በሚል ይገኛል። አፕል ቲቪ ላይ «ሪሞትስ ኤንድ ዲቫይስስ» ውስጥ ገብተው «ኮንትሮል ቲቪስ ኤንድ ሪሲቨርስ» የሚለውን ማጥፋት ነው። አንድን ነገር እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ ፈጠራ አስመስሎ ሲሰይመው ተጠቃሚው የሚከፍለው ዋጋ ይኸው ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከመንፈሱ ይልቅ የሚያናድደኝ ይህ ነው።

«ጥሩ ኬብል ቢሆን ይሄ አይመጣም ነበር» የሚሉም አሉ። የኤችዲኤምአይ ሕግ 13ኛው ሽቦ በየኬብሉ ውስጥ እንዲኖር ያስገድዳል፤ ምርጫው የተተወው ለዕቃዎቹ ነው፤ መስመሩን ሊጠቀሙበትም ላይጠቀሙበትም ይችላሉ። ወርቅ የተቀባው ውድ ኬብልም ሆነ ከቦክሱ ጋር በነጻ የመጣው መልእክቱን እኩል ያደርሳሉ። ገንዘብ ማውጣት የግድ ከሆነ የሚረዳው ተቃራኒው ነው፤ 13ኛው ንክኪ የተቆረጠበት፣ አውራ ጣት የምታህል ማገናኛ ይሸጣል። ሴቲንጉን ማጥፋት የማይፈቅድ ግትር ቴሌቪዥን ላይ እሷን መሀል ማስገባት ወሬውን ይቆርጠዋል።

«ቮልቴጅ መትቶት ነው»

ይህኛው በተለይ እኛ ሀገር ይሰማል፤ ደግሞም ግማሽ እውነት አለው። መብራት ሄዶ ሌሊት ሲመለስ ቴሌቪዥኑ አብሮ ይበራል፤ ጠዋት ላይ ቦክሱ «ተመትቷል» ተብሎ ይፈረድበታል። አልተመታም። አፕል ቲቪ፣ ሮኩም ሆነ ክሮምካስት በጣት ተጫን ተብሎ የሚዘጋ የኃይል ማብሪያ ማጥፊያ የላቸውም፤ ኤሌክትሪክ ካገኙ ይነሳሉ። መብራት ሲመጣ ቦክሱ እንደ አዲስ ይጀምራል፣ ተነስቶ ሲያበቃ በዚያችው 13ኛ ሽቦ ቴሌቪዥኑን ይጠራል። የድሮውን የዲሽ ሪሲቨር የለመደ ሰው ይህ ይገርመዋል፤ ብዙዎቹ ሪሲቨሮች ከመጥፋታቸው በፊት ስታንድባይ ላይ ከነበሩ መብራት ሲመጣም ስታንድባይ ላይ ይቆያሉ።

ቲቪ ጋርድ ያለበት ቤት ነገሩ ይብሳል። ጋርዱ ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ ወይም ሲወርድ ይቆርጣል፣ ጥቂት ቆይቶ ይመልሳል። ሥራው ነው፤ ደግ አደረገ። ግን ቤት ውስጥ ያለ ሰው መብራት መቋረጡን እንኳ ሳያውቅ ጋርዱ በአንድ ሌሊት ደጋግሞ ሊቆርጥና ሊመልስ ይችላል፤ በተመለሰ ቁጥር ቦክሱ ይነሳል፣ ቦክሱ በተነሳ ቁጥር ቴሌቪዥኑ ይበራል።

የዚሁ ዘመድ የሆነ ሌላ ጉዳይ አለ። እንደ ፋየር ስቲክና ክሮምካስት ያሉት ትንንሾቹ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ካለው የዩኤስቢ ቀዳዳ ኃይል እንዲወስዱ ተደርገው ይሰካሉ፤ ሶኬት ይቆጥባል። አንዳንዱ ቴሌቪዥን ሲጠፋ ዩኤስቢውንም ያጠፋል፤ ሌላው አያጠፋም፤ ሦስተኛው ደግሞ ስታንድባይ ላይ ሆኖ መሀል ላይ ይከፍተዋል። በሦስተኛው ላይ የተሰካ ቦክስ ሌሊት መነሳቱ አይቀርም። ከራሱ አስማሚ ጋር ግድግዳው ላይ መሰካት ነው መፍትሔው።

ጥርጣሬውን በቀን ማረጋገጥ ይቻላል። ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ የቦክሱን ገመድ ከሶኬት ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩ፣ ተነስቶ እስኪያበቃ ጠብቁ። ቴሌቪዥኑ ከበራ የሌሊቱን እንግዳ በቀን ብርሃን አገኛችሁት።

«ተጠልፏል»

ተረት አይደለም፤ ደርሷልም። በጥር 2019 መጀመሪያ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ክሮምካስቶች ድንገት ፒውዲፓይ የተባለውን ዩቲዩበር ተከተሉ የሚል ማስታወቂያ ማሳየት ጀመሩ፤ ከማስታወቂያው ጋር «ዕቃችሁ ለዓለም ሁሉ ተከፍቷል» የሚል ማስጠንቀቂያ ነበረበት። ክሮምካስቱ ራሱ አልተሰበረም። የቤቱ ራውተር ላይ ዩፒኤንፒ የሚባል አገልግሎት በርቶ፣ የውስጡን በር ሳይጠይቅ ወደ ውጭ ከፍቶት ነው። ራውተራችሁ ላይ ዩፒኤንፒ ካለ መዝጋት ነው፤ ለተራ ቤት ብዙም የሚያጎድለው ነገር የለም።

ከዚህ የሚከፋው ታሪክ ግን ከቴሌቪዥን መብራት ጋር አይገናኝም፤ ሰዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። በጥር 2023 ቲ95 የተባለ ርካሽ የአንድሮይድ ቦክስ ከነተንኮለኛ ሶፍትዌሩ ለገዢ እየደረሰ መሆኑ ይፋ ሆነ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ሂዩማን ሴኩሪቲ የተባለው ኩባንያ ጉዳዩን «ባድቦክስ» ብሎ ሰይሞ ሌሎች ሞዴሎችንም ዘረዘረ፤ ኤምኤክስኪው ፕሮ 5ጂ እና ኤክስ88 የሚባሉት ከዝርዝሩ ውስጥ አሉ። በታኅሣሥ 2024 የጀርመን የሳይበር ደኅንነት መሥሪያ ቤት በሀገሩ ያሉ እስከ 30,000 የሚደርሱ በዚሁ የተበከሉ ዕቃዎችን ከአዛዦቻቸው ጋር እንዳይገናኙ ዘጋ። በሰኔ 2025 ደግሞ የአሜሪካው ኤፍቢአይ ስለ ሁለተኛው ማዕበል ሕዝቡን አስጠነቀቀ። እነዚህ ቦክሶች ባለቤታቸው ሳያውቅ የሐሰት የማስታወቂያ ጠቅታ ይሠራሉ፤ የቤቱን ኢንተርኔት ለማያውቁት ሰው መሸሸጊያ አድርገው ያከራያሉ።

አሁን አስቡት፦ እንዲህ ያለ ሥራ የያዘ ሌባ ሳሎናችሁን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ በብርሃን ያጥለቀልቃል? እሱ የሚፈልገው እንዳይታይ ነው። ቴሌቪዥኑ በራሱ መብራቱ እንዲያውም የመጠለፍ ምልክት ያለመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። መጠርጠር ያለበት ጨርሶ የማይተኛው ነው፤ ማንም ሳይነካው ጠዋት ሲዳስሱት የሚሞቀው፣ ቤት ውስጥ ሰው ሳይኖር ዳታ የሚጨርሰው። ለእሱ «ፋብሪካ ሪሴት» አይበጀውም፤ ተንኮሉ የተቀበረው ሪሴቱ ከማይደርስበት ከሥሩ ሶፍትዌር ውስጥ ነው። የጎግል ፕሌይ ፕሮቴክት ማረጋገጫ የሌለው፣ ማን እንደሠራው ካርቶኑ የማይናገር፣ «ሁሉም ቻናል በነጻ» የተባለለት ቦክስ ከሆነ ከሶኬት ነቅሎ መተው ብቻ ነው ያለው። ገንዘቡ ያሳዝናል፤ ሌላ ምክር ግን የለኝም።

ከቤት ውስጥ የሚመጣው ጥሪ

ብዙ ጊዜ ጠላፊው የቤተሰብ አባል ነው። አንዲት ጎረቤቴ ቴሌቪዥናቸው ከእኩለ ሌሊት በኋላ በልጆች መዝሙር እየቀሰቀሳቸው ጠበል እስከ መርጨት ደርሰው ነበር።

«እትዬ፣ ትንሹ ልጅ ታብሌት ይዞ ነው የሚተኛው?» አልኳቸው።

«እንዴታ! ካልያዘማ መች ይተኛል?»

ልጁ ሲነቃ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ዩቲዩብ ይከፍታል። ስክሪኑ ጥግ ላይ አራት ማዕዘን ሆና ቅስት መስመሮች ያሉባትን ምልክት ጣቱ ሲያገኛት ቪዲዮው ከታብሌቱ ወደ ሳሎን ይዘላል። ክሮምካስት ጥሪ ሲደርሰው ይነቃል፤ ሲነቃ ቴሌቪዥኑን ያበራል። ልጁ ቪዲዮው ጠፋበት ብሎ ያለቅሳል፣ አያት ሳሎን ገብተው ያማትባሉ። ማንም ማንንም አልዋሸም።

ይህ «ካስት» የሚባለው ነገር አንድ ዋይፋይ ላይ ያለን ስልክ ሁሉ እኩል ያምናል። የዋይፋዩን ፓስወርድ ለእንግዳ ከሰጣችሁ ሪሞቱንም እንደሰጣችሁት ቁጠሩት። ሳሎን የሆነ ነገር ሲጫወት በቤቱ ያሉ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ መቆጣጠሪያው ብቅ ይላል፤ አንዱ ሊያጠፋ ሲል ያስነሳዋል። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ በቴሌቪዥን ኮድ የተገናኘ ስልክ ከሌላ ቤት፣ ከሌላ ከተማም ቢሆን መላክ ይችላል፤ ቦክሱ ላይ ዩቲዩብ ተከፍቶ ከቀረ ለበዓል መጥቶ ስልኩን ያገናኘው የአጎት ልጅ ሳያስበው ሊደርስበት ይችላል። ቴሌቪዥኑ ላይ ዩቲዩብ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የተገናኙትን ስልኮች ሁሉ መንቀል ደቂቃ አይፈጅም።

አይፎንና አፕል ቲቪ ባለበት ቤትም መንገዱ ይለያል እንጂ ውጤቱ ያው ነው። ስልኩ ላይ «ኤርፕሌይ ኤንድ ኮንቲኒዩቲ» ውስጥ አውቶማቲክ ተብሎ ከተተወ ስልኩ በቅርብ ወዳለ ስክሪን በራሱ ሊያዞር ይችላል፤ «አስክ» ወይም «ኔቨር» ማድረግ ይሻላል። ስልኩ ላይ ያለችው የአፕል ቲቪ ሪሞትም በስህተት ስትነካ የተኛውን ታስነሳለች።

የጎረቤት ሪሞት

አይደለም። የድሮው ሪሞት ብርሃን ነው የሚልከው፤ ዓይን ባያየውም ግድግዳ አያልፍም። አዲሶቹ በብሉቱዝ የሚሠሩ ሪሞቶች ግድግዳ ያልፋሉ፣ ነገር ግን ከተጣመሩት ቦክስ ውጪ አያናግሩም። ከጎረቤት ይልቅ የሶፋውን ትራስ ሥር መፈተሽ ያዋጣል፤ እዚያ የተቀረቀረች ሪሞት ሰው በተገላበጠ ቁጥር ትጫናለች። አንድ ልዩ ሁኔታ ብቻ ላንሳ፦ አፕል ድሮ ለኮምፒውተሮቹ ይሰጣት የነበረችው ትንሽ ሪሞት ካልተጣመረች በቀር ፊቷ ያገኘችውን የአፕል ዕቃ ሁሉ ታዛለች። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ካሉ አንዱን ሲያዙ ሌላው ይነሳል።

አሁን ደግሞ ጨርሶ የማይተኛው

እዚህ ያለው ስህተት ጨለማን እንቅልፍ ብሎ ማመን ነው። ቴሌቪዥኑ ጠፋ ማለት ቦክሱ ተኛ ማለት አይደለም፤ ሲኢሲ ካልበራ ቦክሱ ቴሌቪዥኑ መጥፋቱን የሚነግረው የለም። ስክሪን ሴቨርም እንቅልፍ አይደለም። አፕል ቲቪ ላይ በከተማና በባሕር ላይ ቀስ እያለ የሚበረው ውብ ምስል ሲታይ ቦክሱ ሙሉ በሙሉ ነቅቶ እየሠራ ነው፤ እነዚያን ቪዲዮዎች ከኢንተርኔት የሚያወርደውም ራሱ ነው፤ አንዱ ብቻ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። የማውረጃው ልማድ ሴቲንግ ውስጥ አለ፤ «ኔቨር» ማድረግ ይቻላል። የእንቅልፍ ሰዓቱ ደግሞ «ስሊፕ አፍተር» የሚለው ነው፤ ከ15 ደቂቃ ጀምሮ ይመረጣል፤ እዚያም «ኔቨር» የሚል ምርጫ ስላለ አንድ ሰው መርጦት ረስቶት እንደሆነ ማየት ነው። ፋየር ቲቪ ሳይነካ ለ20 ደቂቃ ከቆየ በራሱ ይተኛል።

ሰዓቱ የሚቆጥረው ግን ምንም ካልተጫወተ ብቻ ነው። በሀገር ቤትም ሆነ በውጭ ባሉ ኢትዮጵያውያን ቤቶች የሚታየው ነገር ብዙ ጊዜ 24 ሰዓት የማይቋረጥ የዩቲዩብ ቀጥታ ሥርጭት ነው፤ ዜና፣ መዝሙር፣ የድሮ ሙዚቃ። ፊልም ያልቃል፤ ቀጥታ ሥርጭት አያልቅም። ቴሌቪዥኑን በራሱ ሪሞት አጥፍቶ የተኛ ሰው ቦክሱን እያጫወተ ትቶት ሊሆን ይችላል። በሰከንድ 5 ሜጋቢት የሚጎትት ጥራት ያለው ሥርጭት በሰዓት 2.25 ጊጋባይት ይወስዳል፤ በ8 ሰዓት እንቅልፍ 18 ጊጋባይት ይሆናል። ያልተገደበ ኢንተርኔት ላለው ሰው ግድ አይሰጠው ይሆናል፤ በፓኬጅ የሚጠቀም ግን ሌባ ፍለጋ ከመሄዱ በፊት ይህችን ስሌት ይሥራ። ሮኩ ላይ ለ4 ሰዓት ሪሞት ካልተነካ ሥርጭቱን የሚያቆም «ባንድዊድዝ ሴቨር» የሚባል ምርጫ አለ፤ ሌላው ላይ ከመተኛት በፊት በቦክሱ ሪሞት «ሆም» መጫን ይበቃል።

አንድሮይድ ቦክሶች ላይ አንድ አፕ ቦክሱ እንዳይተኛ «ዌክ ሎክ» የተባለ ፈቃድ ይዞ ሊቀመጥ ይችላል። ቪዲዮ ሲያጫውት መያዙ ልክ ነው፤ አጫውቶ ሲጨርስ የማይለቅ በደንብ ያልተሠራ አፕ ነው ችግሩ። ቦክሱ መተኛት ያቆመው የትኛውን አፕ ካስገባችሁ ወዲህ እንደሆነ ማስታወስ አብዛኛውን ሥራ ይጨርሳል። ከዚያ በፊት ግን «ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ» ውስጥ ያለውን «ስቴይ አዌክ» ተመልከቱ፤ ቦክሱን የሸጠላችሁ ልጅ ፊልም ሲጭንላችሁ አብርቶት ረስቶት ሊሆን ይችላል።

«ቀይ መብራት ከሆነ አይበላም»

የተኛ ቦክስ ጋቢውን ተከናንቦ በር ላይ እንዳንቀላፋ ዘበኛ ነው፤ ዓይኑ ተከድኗል፣ ጆሮው ክፍት ነው። ሪሞቱን፣ ዋይፋዩን፣ 13ኛዋን ሽቦ ማዳመጥ አለበት። አፕል ቲቪማ ተኝቶም የቤቱን ስማርት መብራትና የበር ቁልፍ የሚያስተዳድር ማዕከል ሆኖ ይሠራል። ጆሮው ካልተዘጋ ትንሽ ይበላል፤ ጥያቄው ስንት የሚለው ነው።

ቦክስ ተኝቶም ቆጣሪ ያስሮጣል የሚለው ፍርሃት ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። በ2011 ኤንአርዲሲ የተባለው የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት የኬብልና የሳተላይት ቴሌቪዥን ሪሲቨሮችን አጥንቶ፣ በሀገሩ ያሉት 160 ሚሊዮን ገደማ ሣጥኖች በዓመት 27 ቢሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት እንደሚፈጁ፣ ከዚህም ሁለት ሦስተኛው የሚባክነው ማንም ሳያያቸው መሆኑን አሳይቶ ነበር። አንድ የሚቀርጽ ሪሲቨርና አንድ ተራ ሪሲቨር ያለው ቤት ከአዲስ ማቀዝቀዣ የበለጠ ያወጣ ነበር። ፓወር ሲጫኑ ሰዓቱ ይደበዝዝ ነበር እንጂ ውስጡ ያለው ሃርድ ዲስክ መዞሩን አያቆምም።

የዛሬው የኢንተርኔት ቦክስ ሌላ ፍጥረት ነው። ሃርድ ዲስክ የለውም፤ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከ2019 ጀምሮ ኔትወርክ ላይ ሆኖ የሚተኛ የቤት ዕቃ ባብዛኛው ከ2 ዋት በላይ እንዲወስድ አይፈቀድለትም። 2 ዋት ዓመቱን ሙሉ ቢበላ 17.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። አንጻሩን እንይ፦ ቦክሱ 100 ዋት የሚወስድ ቴሌቪዥን በየሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቢያበራና ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሰው ተነስቶ ቢያጠፋው፣ በዓመት 110 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ሄደ። ቆጣሪውን የሚያስሮጠው የተኛው ቦክስ ሳይሆን የሚቀሰቅሰው ቴሌቪዥን ነው። ቦክሱን ማታ ማታ ከሶኬት መንቀልም ብዙ አያተርፍም፤ ሶፍትዌሩን የሚያድሰው ሌሊት ስለሆነ ያ ሥራ ወደ ምሽት ይዞርና ፊልም ልታዩ ስትቀመጡ «በማደስ ላይ» ይላችኋል።

ጥፋተኛውን መያዝ

በአንድ ሌሊት አንድ ነገር ብቻ መቀየር ነው። ሦስት ሴቲንግ አብሮ የነካ ሰው ቢሳካለትም የትኛው እንደሠራ አያውቅም፤ ሲመለስበት ከዜሮ ይጀምራል።

መጀመሪያ ቦክሱን አስተኝታችሁ የኤችዲኤምአይ ኬብሉን ከቴሌቪዥኑ ንቀሉ፣ ኃይሉን ግን ተዉት። ቴሌቪዥኑ ያለ ቦክሱም ከበራ ቦክሱ ነጻ ነው፤ የቴሌቪዥኑን የራሱን ታይመር፣ ጌሙን፣ ሳውንድባሩን መርምሩ። ቴሌቪዥኑ ዝም ብሎ ካደረ ኬብሉን መልሱና በሚቀጥለው ሌሊት ራውተሩን አጥፍታችሁ ተኙ። ያኔ ሳይበራ ካደረ ጥሪው የሚመጣው በዋይፋይ ነው፤ ታብሌቱን፣ ስልኩን፣ ዩፒኤንፒውን ፈልጉ። ራውተሩ ጠፍቶም ከበራ የቀረው ኃይሉ ነው ወይም ሪሞቱ፤ የሪሞቱን ባትሪ ማውጣት ሁለቱን ይለያቸዋል።

ማን እንደጠራው ከታወቀ በኋላ ሲኢሲን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት የመጨረሻው አማራጭ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ከጠፋ ቤቱ ወደ ሁለት ሪሞት ይመለሳል፣ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ቦክሱን የሚያስተኛውም መልእክት አብሮ ይጠፋል፤ ከሁለተኛው ችግር ሸሽቶ መጀመሪያው ውስጥ መግባት ነው። ብዙዎቹ የአንድሮይድ ቲቪ ቦክሶች ሁለቱን አቅጣጫዎች ለየብቻ ያስቀምጧቸዋል፤ «ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ቦክሱም ይተኛ» የሚለውን አብርቶ «ቦክሱ ሲነቃ ቴሌቪዥኑ ይብራ» የሚለውን ብቻ ማጥፋት ይቻላል። አፕል ቲቪ ላይ ግን ሁለቱ አንድ ቁልፍ ናቸው፤ እዚያ ምርጫው በቴሌቪዥኑ በኩል ካለ እንጂ በቦክሱ በኩል የለም።